መድኃኒቱና መንገዱ፦ የሕመም ማስታገሻ ታሪክ ከደብረ ታቦር እስከ ንፋስ መውጫ

በ1858 ዓ.ም. ሰኔ ወር ላይ ጣና ዳር ቆራጣ ሰፍሮ በነበረው የዐፄ ቴዎድሮስ ጦር ውስጥ ኮሌራ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊታቸውን ከሐይቁ ዳር አንስተው ወደ በጌምድር ደጋ አወጡት፤ በሽታው ግን አብሮ ወጣ። ደብረ ታቦርና መድፍ ይሠራባት የነበረችው ጎረቤቷ ጋፋት የበሽተኛ መንደር ሆኑ። ከሠራዊቱ ጋር እንዲጓዙ ከተገደዱት እንግሊዛውያን አንዱ ሄንሪ ብላንክ የሚባል የቦምቤይ ጦር ሐኪም ነበር። ከመቅደላ ነፃ ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ለንደን ላይ ያሳተመው የምርኮ ታሪክ ስለዚያ ክረምት ካሉን የዓይን ምስክር ጽሑፎች አንዱ ነው። ብላንክ አብሮት የመጣው የእንግሊዝ መንግሥት መልእክት መሪ ሆርሙዝድ ራሳምም በዓመቱ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አወጣ፤ በጋፋት ከነበሩት ሚሲዮናውያን ቴዎፍሎስ ቫልድማየርም የሕይወት ታሪኩን ጽፎ ትቷል።

ለታሪክ ተማሪ እነዚህ ጽሑፎች ትልቅ ሀብት ናቸው። ይሁን እንጂ የሕመምን ታሪክ ልጻፍ ብሎ የተነሣ ሰው ቶሎ የሚያጋጥመው ችግር አለ። የዚያ ዘመን ጸሐፊ፣ የውጭም ይሁን የአገር ቤት፣ ቆሰለ፣ ዳነ፣ ሞተ ብሎ ይመዘግባል። የቆሰለው ሰው ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈው ግን ከስንት አንዴ ነው የሚያነሣው። ሕመም ወደ መዝገብ የሚገባው ከሌላ ጉዳይ ጋር ሲጋጭ ብቻ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የራሳቸው የቴዎድሮስ ታሪክ ነው። ገና ደጃዝማች ካሣ ሳሉ በጦርነት ቆስለው፣ ቁስሉን የሚያክመው ሰው ለድካሙ ፍሪዳ ጠየቀ፤ የዘመኑ ገዥ እቴጌ መነን የላኩት ግን አንድ ብልት ሥጋ ብቻ ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ደጋግመው የሚያነሡት ንቀቱ ለካሣ መሸፈት ምክንያት ሆነ ስለሚባል ነው። ጥይት ከሥጋ ሲወጣ ካሣ ምን ተሰምቷቸው ነበር፣ ሐኪሙስ ለማስታገሻ ምን ሰጣቸው የሚለው የማንንም ብዕር አልሳበም። ጨክኖ መቻል የወንድነት መለኪያ በሆነበት አገር፣ ሕመም ዋጥ የሚደረግ እንጂ የሚጻፍ ነገር አልነበረም።

የመድኃኒት መጠን ነገር ግን በደጋው ሰው ዘንድ እንግዳ አይደለም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከጉና ተራራ ሥር ያለው አገር የኮሶ አገር ነው። የሴቴው ዛፍ አበባ ደርቆ፣ በድንጋይ ተፈጭቶ፣ በውሃ ተበጥብጦ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ኮሶ የትል እንጂ የሕመም መድኃኒት አይደለም፤ ቢሆንም እዚህ ቦታ የሚገባው በምክንያት ነው። በዚህ ደጋ ላይ እያንዳንዱ ቤተሰብ ልኩን፣ ሰዓቱንና መንገዱን አውቆ ሲወስደው የኖረ፣ ከልኩ ሲያልፍ ደግሞ እንደሚገድል የተረዳው ኃይለኛ መድኃኒት እሱ ነው። ነፍሰ ጡር እንዳትጠጣው ይከለከላል። አቅመ ደካማ ይቀነስለታል። ከጠጡ በኋላ እስኪያሽር ድረስ እህል አይቀመስም። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን ለአውሮፓ አስተዋወቀ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አበባው በአውሮፓ የመድኃኒት መዛግብት ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ኮሶ አብዝተው በጠጡ ሰዎች ዓይን ላይ ስለደረሰ ጉዳት ተጻፈ። ስለዚህ መድኃኒት የሚያድነው በመጠኑና በመንገዱ ነው የሚለው ዕውቀት ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም፤ የአያቶች ዕውቀት ነው።

ወደ ሕመም ማስታገሻው ስንመጣ የዘመን መጋጠም አለ። በ1845 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ካሣ ራስ ዓሊን አይሻል ላይ ድል አድርገው የደብረ ታቦርን መሳፍንታዊ ገዥነት አበቁ። በዚያው እ.ኤ.አ. 1853 ዓመት መጨረሻ ላይ፣ ኤዲንብራ ከተማ ውስጥ አሌክሳንደር ውድ የተባለ ሐኪም ትከሻዋን ክፉኛ ለሚያማት አሮጊት ሞርፊን በቀጭን መርፌ ከቆዳዋ ሥር ወጋት። ሞርፊን ራሱ ገና የግማሽ ክፍለ ዘመን ዕድሜ ነበረው። ፍሪድሪክ ሰርተርነር የተባለ ወጣት ጀርመናዊ የመድኃኒት ቀማሚ በዚያ ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ከኦፒየም ነጥሎ አወጣው፤ እ.ኤ.አ. በ1817 ባሳተመው ጽሑፍም በራሱና በሦስት ወጣቶች ላይ እንደሞከረውና ሊመረዙ እንደደረሱ ተናዘዘ። የሞርፊን ታሪክ ገና ከመጀመሪያው የመጠን ታሪክ ነበር ማለት ነው።

ውድ አንድ ትልቅ ነገር ሳተ። መድኃኒቱ የሚሠራው በተወጋበት ቦታ ብቻ ነው ብሎ አመነ። አሮጊቷ እስከ ማግሥቱ ረፋድ ድረስ ከባድ እንቅልፍ ወስዷት ማደሯ ግን ሞርፊኑ በደም አድርጎ እስከ አንጎል መድረሱን ያሳይ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡ ሐኪሞችም በአፍ የሚወሰድ ኦፒየም ሱስ ያስይዛል፣ በመርፌ ከተሰጠ ግን ሆድ ስለማይነካው አያስይዝም እያሉ ለአንድ ትውልድ ያህል መርፌውን ለበሽተኛው እጅ ሰጡ። ውጤቱ የተገላቢጦሽ ሆነ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነትና በፈረንሳይና ፕሩሲያ ጦርነት ማግሥት በአውሮፓና በአሜሪካ ሞርፊን መርፌ የለመደ ሰው በዛ። ቤየር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1898 ሄሮይንን የሳል መድኃኒት ብሎ ለገበያ ማቅረቡም የዚያው ስሕተት ቅጥያ ነው። ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ታሪክ ቢመስልም፣ እ.ኤ.አ. በ1912 ሄግ ላይ የተፈረመው የኦፒየም ስምምነትና ከዚያ የመነጩት ሕጎች የተወለዱት ከዚሁ ፍርሃት ነው፤ ሕጎቹ ደግሞ ቆይተው ደብረ ታቦር ደርሰዋል።

መርፌ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ የገባው ግን በሞርፊን በር አልነበረም። የገባው በቂጥኝና በግርሻ በር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ 606 በሚል ቁጥር የታወቀው የአርሰኒክ መድኃኒትና ተከታዮቹ በመርፌ ይሰጡ ነበር፤ ቁስሉም በዓይን እያዩት ይደርቃል። ቀጥሎ ፔኒሲሊን መጣ። በደብረ ታቦር የአድቬንቲስት ሚሲዮን ከጣሊያን ወረራ በፊት የጀመረው የሕክምና ሥራ፣ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያወጣቸው ጤና መኮንኖችና ነርሶች፣ በየወረዳው የተመደቡ ድሬሰሮች ሁሉ ለገበሬው ያሳዩት ተአምር ሲሪንጅ ውስጥ የነበረ ነው። ገበሬው ትክክለኛ ነገር አየ፤ የደረሰበት መደምደሚያ ግን ተሳሳተ። ያዳነው መድኃኒቱ ሳለ፣ መርፌው ነው ያዳነኝ አለ። ኪኒን ብቻ ተሰጥቶት የወጣ በሽተኛ አልታከምኩም ብሎ ማዘኑ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ከዚህ እምነት መርፌ ወጊ የሚባል ሙያ ተወለደ። በየገበያው ሲሪንጅና ብልቃጥ ይዞ የሚዞር፣ ሥልጠና የሌለው ወይም ሆስፒታል ውስጥ ሲያጸዳ አይቶ የተማረ ሰው ነው። በዚህ ሰው ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም፤ ጤና ጣቢያው የአንድ ቀን መንገድ በሆነበት አገር የሰውን ጭንቀት ሰምቶ የሚመጣው እሱ ነበርና። ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ቂጥ ላይ የማይገባ ቦታ የተወጋ መርፌ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ይመታል፤ ሕፃኑ ዕድሜ ልኩን እግሩን ይጎትታል። ያልተቀቀለ መርፌ መግል ያቋጥራል። ኤች አይ ቪ በኢትዮጵያ በ1976 ዓ.ም. በደም ምርመራ ከታየና በ1978 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ከታወቁ በኋላ ደግሞ አንድን መርፌ ለሁለት ሰው መጠቀም የሞት ፍርድ ሊሆን ቻለ። የዓለም ጤና ድርጅት በእ.ኤ.አ. 2000 ብቻ ንጹሕ ባልሆነ መርፌ ምክንያት በዓለም ዙሪያ 21 ሚሊዮን ሰዎች በሄፓታይተስ ቢ፣ 2 ሚሊዮን በሄፓታይተስ ሲ፣ 260,000 በኤች አይ ቪ መያዛቸውን ገምቷል።

ሕጉ የሄደው በሌላ አቅጣጫ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. የ1961ን የናርኮቲክ ስምምነት በ1957 ዓ.ም. ተቀበለች። ከዚያ በፊት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም፣ አሁን ያለው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525ም አደንዛዥ መድኃኒት ያለ ፈቃድ መያዝንና መስጠትን ይቀጣሉ። ሞርፊንና ፔቲዲን በቁልፍ ላይ ቁልፍ በተደረገበት ቁም ሣጥን ይቀመጣሉ፤ በልዩ ማዘዣ ይወጣሉ፤ እያንዳንዷ አምፑል በመዝገብ ትፈረማለች። ቁጥጥሩ ተገቢ ነው፤ ፔቲዲን የሕክምና ባለሙያዎችን ራሳቸውን ለሱስ የዳረገ መድኃኒት ነውና። ጥፋቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ስምምነቱ መግቢያው ላይ ሁለት ነገር ይላል፦ እነዚህ መድኃኒቶች ለሰው ልጅ ሕመም ማስታገሻነት የግድ ያስፈልጋሉ፣ አላግባብ መዋላቸውም መከላከል አለበት። በብዙ አገሮች አሠራር ውስጥ ሁለተኛው ሐሳብ ሥር ሲሰድ የመጀመሪያው ተረሳ። ቁም ሣጥኑ ተቆለፈ፤ መዝገቡ ስንት አምፑል ወጣ ብሎ ቆጠረ፤ ስንት ሰው ሲያቃስት አደረ ብሎ የሚጠይቅ ዓምድ ግን አልነበረውም። ከቴዎድሮስ ዘመን ጸሐፊዎች በዚህ ረገድ ብዙም አልራቅንም።

ለውጡ የመጣው ከአፍ ነው። ሲስሊ ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ላይ በከፈተችው የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስ የካንሰር ሕሙማን ሞርፊን በፈሳሽ መልክ፣ በአፍ፣ ሕመሙ ሳይመለስ በሰዓቱ ይወስዱ ነበር። ከዚያ ልምድ ተነሥቶ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 የካንሰር ሕመም ማስታገሻ መመሪያውን አወጣ። የመመሪያው አከርካሪ ቀላል ነው፦ በአፍ፣ በሰዓቱ፣ ደረጃ በደረጃ፤ ከፓራሲታሞል ጀምሮ እስከ ሞርፊን። ጎረቤት ዩጋንዳ ከእ.ኤ.አ. 1993 ጀምሮ በሆስፒስ አፍሪካ በኩል ፈሳሽ ሞርፊን እየበጠበጠች ለድሃ ቤት አደረሰች፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ የሠለጠኑ ነርሶች እንዲያዙት በሕግ ፈቀደች። በእኛ አገር ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ፤ ጤና ሚኒስቴርም ቆይቶ የማስታመም ሕክምና መመሪያ አወጣ።

በአፍ የሚለው ቃል የምቾት ጉዳይ ተደርጎ እንዳይወሰድ፣ ጠርሙሱን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ፈሳሽ ሞርፊን ምልክቱ ላይ ለምሳሌ 5 ሚሊሊትር ውስጥ 10 ሚሊግራም አለ ተብሎ ይጻፍበታል። አስታማሚዋ የምትለካው በወጥ ቤት ማንኪያ አይደለም፤ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ወይም ከጠርሙሱ ጋር በሚሰጥ መለኪያ ነው። በየ4 ሰዓቱ ትሰጣለች፤ በሽተኛው ሌሊቱን ተኝቶ እንዲያድር የመኝታውን መጠን ሐኪሙ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ሆድ ድርቀት እንደሚመጣ ስለሚታወቅ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዛል። በአፍ የገባው ሞርፊን በመጀመሪያ በጉበት ያልፋል፤ ጉበት ብዙውን ይሰባብረዋል። ስለዚህ በመርፌ 10 ሚሊግራም የሚሠራውን ለመሥራት በአፍ እስከ 30 ሚሊግራም ገደማ ያስፈልጋል። ለአፍ የተለካውን መጠን ወደ ደም ሥር ያስገባ ሰው የታዘዘለትን ሦስት እጥፍ በአንድ ጊዜ አስገባ ማለት ነው፤ እስትንፋሱ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። ለ12 ሰዓት ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ ኪኒን ሲፈጭ ወይም ሲታኘክም እንዲሁ ነው፤ የግማሽ ቀኑ መድኃኒት በደቂቃዎች ይለቀቃል። ኪኒኑን አንድ ላይ የያዘው ዱቄት ደግሞ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ወደ ደም ሥር ከገባ የሳንባን ጥቃቅን ሥሮች ይደፍናል።

ይህ የመንገድ መቀየር እንዴት አንድን አገር ሊያጠፋ እንደሚችል ያየነው በሩቅ ነው፤ ሆኖም ለእኛ የሚበጅ ምስክርነት ነው። ኦክሲሞርፎን የተባለው ማስታገሻ ኦፓና በሚል ስም አሜሪካ ውስጥ በኪኒን ይሸጥ ነበር። ሰዎች ፈጭተው በአፍንጫቸው ስለሳቡት አምራቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ለመፍጨት በሚያስቸግር መልክ ሠራው። ለሱስ የተዳረጉት ግን በመርፌ መውጋት ጀመሩ። ኢንዲያና ግዛት ውስጥ ስኮት በተባለ የገጠር አውራጃ፣ 4,200 ገደማ ነዋሪ ባላት ኦስቲን ከተማ፣ ወትሮ በዓመት ከአምስት ያነሰ አዲስ የኤች አይ ቪ ተያዥ ይመዘገብ በነበረበት ቦታ፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ እስከ 2015 መጨረሻ ከ180 የሚበልጡ ሰዎች ተያዙ። የአገሪቱ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኩባንያው ምርቱን ከገበያ እንዲያወጣ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ንጥረ ነገሩ ያው ሆኖ መንገዱ ሲቀየር ወረርሽኝ ወለደ።

ደብረ ታቦርና ንፋስ መውጫ ባሉበት በደቡብ ጎንደር ፋርማሲዎች መደርደሪያ ላይ ያለው ማስታገሻ ሌላ ነው። በጣም የሚታዘዙት ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና ትራማዶል ናቸው። ትራማዶል እ.ኤ.አ. በ1977 ጀርመን ውስጥ ገበያ ላይ የዋለ መድኃኒት ነው፤ በዓለም አቀፍ የቁጥጥር ዝርዝር ውስጥ ሳይገባ ለአሥርት ዓመታት መቆየቱም በቀላሉ እንዲገኝ አድርጎታል። ለቀዶ ሕክምና ቁስል ጥሩ ያገለግላል። በቀን ከ400 ሚሊግራም ሲያልፍ ግን የሚጥል በሽታ ለሌለበት ሰው እንኳ የሚያንቀጠቅጥ መጣል ሊያመጣ ይችላል፤ ካፕሱሉን ከፍቶ ዱቄቱን በውሃ በጥብጦ መወጋት ደግሞ ቀደም ብለን ያየነውን አደጋ ሁሉ ይጠራል። ከአረቄ ጋር ሲወሰድ እስትንፋስን ያዳክማል፤ ሞርፊንም እንዲሁ ነው። ዳይክሎፌናክ ሱስ አያስይዝም፤ ያም ሆኖ ወገቤን አመመኝ ብሎ ዕለት በዕለት መርፌውን የሚያስወጋ ገበሬ ጨጓራውን ሊያደማ፣ ኩላሊቱን ሊጎዳ ይችላል። መርፌ ስለሆነ ይበልጥ ያድናል የሚለው የድሮው እምነት እዚህም ያለው ነው፤ ኪኒኑ በሰዓቱ ከተዋጠ ለወገብ ሕመም የሚሰጠው እፎይታ ከመርፌው አያንስም። ፓራሲታሞል እንኳ ለጎልማሳ በቀን ከ4 ግራም ካለፈ ጉበትን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል፤ ለጉንፋን፣ ለራስ ምታትና ለትኩሳት በተለያየ ስም የተገዙ ኪኒኖች ውስጥ ደጋግሞ ስለሚገኝ ሰው ሳያውቀው ሊያልፍ ይችላል።

ለአስታማሚ የሚነገረውም ከዚህ የተነሣ ነው። ለአባት የታዘዘ ሞርፊን ለእናት ጥርስ ሕመም አይሰጥም። ጠርሙሱ ልጅ ከማይደርስበት፣ ከተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። በሽተኛው ካረፈ የተረፈው ወደ ሰጠው ተቋም ይመለሳል። ሰውዬው አልነቃ ካለ፣ የዓይኑ ብሌን ነጥብ ካከለ፣ ትንፋሹ ከተቆራረጠ፣ ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው፤ ናሎክሶን የሚባለው ማርከሻ መድኃኒት በጊዜ ከደረሰ ሕይወት ይመልሳል።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ግን በባዶ መደርደሪያ ፊት መናገር አይቻልም። የላንሴት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ፣ በዓመት በዓለም ከሚከፋፈለው በሞርፊን ሚዛን 298.5 ቶን ማስታገሻ ውስጥ ለድሃ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነበር። በኦስቲን የበዛውና በገጠር ደጋ ያልተገኘው አንድ ዓይነት መድኃኒት ነው።

ያለውም ቢሆን ጸንቶ አልቆየም። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ የትግራይ ኃይሎች የላይ ጋይንትን ከተማ ንፋስ መውጫን ለቀናት ያዙ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ባወጣው ዘገባ በተዋጊዎቹ የተደፈሩ 16 ሴቶችን ቃል መዝግቧል፤ ሆስፒታሉና ጤና ጣቢያዎቹ በመዘረፋቸውና በመጎዳታቸው ሴቶቹ የሚያስፈልጋቸውን ሕክምና እንዳላገኙም ዘርዝሯል። የሕመምን ታሪክ ለሚከታተል ሰው ይህ ሰነድ ከብላንክና ከራሳም መጻሕፍት አጠገብ የሚቀመጥ ነው። ከ150 ዓመት በላይ በኋላ፣ በዚያው በጌምድር ደጋ፣ የተጎዱት ሰዎች ራሳቸው ያማቸውን በገዛ አንደበታቸው ተናገሩ፤ ተጻፈላቸውም።